ስድስተኛው ጥያቄ

በግራ ጎኑ ሲተኛ ይሰማዋል፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ከትራሱ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፣ ታች ያለው ጎረቤት ግድግዳ የሚደበድብ ይመስላል፣ የራሱ ልብ ነው ግን፣ ሲገላበጥ ይጠፋል፣ ሲመለስ ይመለሳል። ውጭው እኩለ ቀን ነው። መስኮቱ ላይ በሚስማር የመታው ብርድ ልብስ በጎንና በጎኑ ብርሃን ያስገባል፣ የመኪና ድምፅ ያስገባል፣ ከታች ካለው ሱቅ በር ላይ ሰዎች ሲሳሳቁ ያስገባል። ሌሊት ሲሠራ የሚያድር ሰው ቀን መተኛት አለበት፣ እሱም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀኑን እንደ ድንጋይ ሲተኛ ኖሯል፣ ከትናንት ሰኞ ወዲህ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ወረቀት አላስተኛ አለው። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፣ ስምንቱን ሞልቷል። ስድስተኛው ባዶ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ተሞልቶ መመለስ አለበት።

የሚሠራው የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ነው። እርጥቡ አንሶላ በጋሪ ይመጣል፣ እሱ አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ ከፊት ለፊቱ ያለችው ሴትዮ ሌላውን ትይዛለች፣ ወጠር አድርገው ለመተኮሻው ማሽን ያጎርሱታል፣ በዚያ በኩል ደርቆና ተተኩሶ ይወጣል፣ ከዚያ ሌላ አንሶላ፣ ከዚያ ሌላ። ሰኞ ጠዋት ፈረቃው ሲያልቅ አለቃው ማንም እንዳይሄድ አለ፣ ከጤና ጥበቃ ነርስ መጥታለች፣ የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ሚዛን ዘርግታለች። ተሰለፉ። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ መቶ ሃያ አንድ ኪሎ አለ። ወገቡን በሜትር ለካችው፣ የደም ግፊቱን ሁለት ጊዜ ለካችው፣ ጣቱን ወግታ ጠብታ ደም ወሰደች፣ ሁሉንም እየጻፈች ነው፣ ፊቷ ምንም አይናገርም። «ደረትዎን ያምዎታል?» አለችው። «አያመኝም።» «ደረጃ ሲወጡስ ትንፋሽ ያጥርዎታል?» «ደረጃ ማንን አያደክምም?» አላት። ሳቀች። «ካላመመኝ ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት ደግሞ፣ ሰው ሲስቅለት ትንሽ ይደፍራል። «ሳያምዎት ነው የምፈልገው» አለችው፣ «ከታመሙማ እኔ ጋ አይመጡም፣ በአምቡላንስ ነው የሚሄዱት። ውፍረት አለብዎት፣ ግፊት አለብዎት፣ ስኳሩ ጫፍ ላይ ነው። ልብዎ ገና ዝም ባለበት ሰዓት ነው ማየት ያለብን።»

ከዚያ ወረቀቱን በቃል ጠየቀችው፣ ሲጋራ፣ አያጨስም፣ መጠጥ፣ እምብዛም፣ እንቅልፍ፣ ቀን፣ እያለ ስድስተኛው ላይ ደረሱ። ከቅርብ ቤተሰብ፣ አባት ወይም ወንድም ሃምሳ አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ እናት ወይም እህት ስልሳ አምስት ሳይሞላት በልብ ሕመም የታመመ ወይም የሞተ አለ ወይ? «አባቴ ሞቷል» አላት። «በምን?» «ምች መታው።» ምች ለሚለው ቃል በእነሱ ቋንቋ የሚሆን አጣ፣ «ፀሐይ ነው» አላት፣ «ፀሐይ መታው።» «ፀሐይ ገደለው?» «አዎ።» «በስንት ዓመቱ?» የአባቱን ዕድሜ አባቱም አያውቀውም ነበር። ነርሷ አሰብ አደረገችና ሳጥኑን ባዶ ትታ ጠርዙ ላይ የጥያቄ ምልክት ጻፈች። እሱ ግን በዚያች ቅጽበት አባቱን ያየዋል፣ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተሸክሞት የነበረውን ጆንያ አውርዶ፣ «ቆይ ትንሽ ልረፍ» ብሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሎ፣ በጥላ ውስጥ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ግራ ክንዱን ከላይ ወደ ታች እያሸ። በጥላ ውስጥ። ይህን አልነገራትም። ላልተጠየቀው መልስ የመስጠት ልማድ የለውም።

«ወንድምስ?» አለችው። «አንድ ታላቅ አለኝ። ደህና ነው።» «እርግጠኛ ነዎት? መቼ ነው ያወሩት?» ቆጠረ። በድምፅ ካወሩ አራት ወር ሆኗቸዋል። «ደውለው ይጠይቁ» አለችው፣ «ወንድምዎ ደረቱን ያመው እንደሆነ፣ አባትዎ እንዴት እንደሞቱ። እዚህ ላይ ‹አዎ› ካለ በዚህ ሳምንት የልብ ምርመራ መሣሪያ ጋ እልክዎታለሁ። ‹የለም› ካለ የሚመጣው ዓመት እንደገና እለካዎታለሁ፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ሐሙስ ተመልሼ እመጣለሁ።» ከኋላው የተሰለፈችው፣ ማሽኑ ላይ አብራው የምትሠራው ሴትዮ፣ «ቶሎ በል እንጂ፣ የኔም ልብ እኮ ቤት ሄዳ መተኛት ትፈልጋለች» አለች፣ ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ።

ደወለ። ዛሬ ማክሰኞ ከሥራ እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ደወለ፣ ታናሽ እህቱ አነሣች፣ «ውይ ወንድምዬ! በዚህ ሰዓት? ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» አላት፣ ስልኩ ከእጇ ተነጠቀ፣ እናቱ ናት። «የኔ ጌታ፣ ምነው ድምፅህ ከሳ?» «ድምፅ ይከሳል እንዴ እማ?» «ይከሳል እንጂ! እናት የሆነ ያውቀዋል። እየበላህ ነው? ፎቶ ካየን እኮ ቆየን፣ ፎቶ ላክ፣ ከጎንህ ተነሣና ላክልኝ።» ከጎኑ የምትለው ሆዱ እንዲታይ ነው። ወደዚህ አገር ሲመጣ አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት የላከው ፎቶ ሰፈር ለሰፈር ዞሯል፣ እዩት፣ ፊቱ ሞላ፣ ሰው መሰለ፣ አገሩ ተስማማው ተብሏል፣ እናቱ ፎቶውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ዞራለች። ቦርጩ የእሱ ብቻ አይደለም። የቤቱ ክብር ነው። «እናንተስ እንዴት ናችሁ?» አላት። «እኛ ምን እንሆናለን፣ አቧራው ገደለን እንጂ፣ ስንት ወር ሙሉ ጠብታ አላየን፣ ሰማዩ ደርቆ ቀርቷል።»

«እማ፣ አባባ ሲሞት ምን ብሎ ነበር? ምኑን ነበር የሚያመው?» «ምን አስታወሰህ አሁን? ምች ነው፣ የታወቀ ነገር። ሙት ምን ያደርግልሃል?» «ሐኪም ጠይቆኝ ነው።» ይህን ማለት አልነበረበትም። «ሐኪም? ሐኪም ጋ ምን ትሠራለህ? አንቺ ልጅ፣ ነዪ፣ ሐኪም ጋ ሄድኩ ይላል—» «የሥራ ነው እማ፣ ለሁሉም ሠራተኛ ነው፣ እንደ መታወቂያ ማደስ ነው።» ትንሽ ተረጋጋች። «ጋሼስ?» አለ። ታላቅ ወንድሙን ልክ እንደ እህቱ ጋሼ ነው የሚለው። «ጋሼማ ወጣ ብሏል።» «የት?» «ወጣ ብሏላ፣ ሰው እንደሆነ ይወጣል ይገባል።» የዛሬ አራት ወር ስልኩ ውሃ ውስጥ ገብቶበት ነበር። የዛሬ ሦስት ወር ገጠር ሄዶ ኔትወርክ የለም። ከዚያ ደክሞት ተኝቷል፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት ሄዷል፣ ከዚያ እንደገና ገጠር። እሱ አልጠረጠረም። ሌሊት እየሠራ ቀን የሚተኛ ሰው ሌላውም ሰው በማይመች ሰዓት ተኝቶ ወይም ወጥቶ ሊሆን እንደሚችል አይገርመውም። «ደረቱን ያመው የነበረው እንዴት ሆነለት?» አለ። እህቱ ስልኩን ተቀበለች፣ «ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ሲመጣ ድምፁን ልኬልህ ትሰማዋለህ» አለች፣ በጣም ፈጥና።

ስለዚያ ሕመም የሚያስበው አሁን ነው፣ ተኝቶ፣ ግራ ጎኑን እየሸሸ። ዓምና ነው፣ እህቱ፣ «ጋሼ ምግብ ሲበላ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል ይላል፣ ዳገት ሲወጣ ይጨምቀኛል ይላል» አለችው፣ ወንድሙ ከጀርባ ሆኖ፣ «ጨጓራዬ ነው፣ እሷን አትስማት!» ብሎ ጮኸ፣ እሱም እዚህ ሆኖ ጨጓራ ነው አለ። ማን ያላለ አለ? ደረት ሲያቃጥል ጨጓራ ነው፣ ላብ ላብ ሲል ጨጓራ ነው፣ እዚያ ቤት ከአንገት እስከ እምብርት ያለው ሁሉ ጨጓራ ነው። ሄዶ የጨጓራ ኪኒን ገዛ፣ ሦስት ፓኬት፣ ለሚሄድ ሰው ሰጥቶ ላከ፣ «ወተት ጠጣ፣ በርበሬ ቀንስ» ብሎ መከረ። ወንድሙ ከሳምንት በኋላ ደውሎ፣ «መድኃኒትህ ፍቱን ነው! ሕመሙን በእጅ እንደማንሣት አነሣልኝ» አለው። ደስ አለው። ከሩቅ ሆኖ ወንድሙን አዳነ። በዚያ ቀን እንቅልፉ እንዴት ያለ ነበር።

ወንድሙን ሰፈሩ ሸንበቆ ይለው ነበር። ቀጭንና ረጅም ስለነበር ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል ይሉት ነበር። አባታቸው ከሞተ በኋላ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በአባታቸው ቦታ የገቡት ሁለቱ ናቸው፣ እሱ አሥራ ሦስት፣ ሸንበቆ አሥራ ሰባት። ጆንያው ከእሱ ይከብዳል። ደረጃው አምስት ነው፣ ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ ይክዳል፣ ሸንበቆ የራሱን አድርሶ ይመለሳል፣ «አሳልፍ፣ አንተ ጠረግ ጠረግ አድርግ» ብሎ ከትከሻው ላይ ይቀበለዋል፣ ባለወፍጮው እንዳያይ መጥረጊያ ያስይዘዋል። ጠዋት አንድ ዳቦ ነው ያላቸው። ሸንበቆ ይቆርሳል፣ ይቆርሳል ሲባል ግን እጁ ሆን ብሎ ይጣመማል፣ ትልቁ ጎን ሁልጊዜ ወደ እሱ ነው የሚወድቀው፣ «ውይ፣ ተሳሳትኩ» ይላል። በየቀኑ ይሳሳታል። ስለዚህ ነው እሱ ሰው አገር ገብቶ መብላት ሲችል የበላው፣ ሳይርበው የበላው፣ ዳቦ አይቶ ማለፍ ያቃተው፣ ስለዚህ ነው ለሸንበቆ፣ «አሁን ያንተ ተራ ነው፣ ብላ!» እያለ በየስልኩ የሚጮኸው። ሸንበቆም በላ። ፎቶ ይልካል፣ ከጎኑ ተነሥቶ፣ ሸሚዙ ላይ ቁልፉ ሊበጠስ ደርሶ፣ «ያንተና የኔ ሆድ ሲደመር ስንት ጆንያ ይወጣዋል?» እያለ። ሰፈሩ እስከ መጨረሻው ሸንበቆ ነው የሚለው። ሸንበቆው ዋርካ ሆነ ይሉና ይስቃሉ።

እስከ መጨረሻው። ይህችን ቃል ለምን አሰባት?

ድምፁ የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፣ እህቱ እንዳለችው። አልጋው ላይ ሆኖ ከፈተው። «አንተ ቦርጬ!» ይላል ወንድሙ፣ እየጮኸ ነው፣ ሁልጊዜም ስልክ ላይ ይጮኻል፣ «ደህና ነህ ወይ? እኔ አለሁልህ! እኔ ምን እሆናለሁ! ብላ፣ ብላ እንጂ፣ የከሳህ እንደሆነ እዚህ መሳቂያ ታደርገናለህ! ስማ፣ እህትህ የምትለውን አትስማ!» ያስላል፣ ይስቃል፣ ያበቃል። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። እፎይ አለ። ወረቀቱን አንሥቶ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ሊያደርግ እስክሪብቶ ያዘ። ከዚያ እንዲሁ ድምፁ ናፍቆት ደግሞ ከፈተው። ለምንድነው እንዲህ የሚጮኸው? ሦስተኛ ጊዜ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው። ከወንድሙ ድምፅ ኋላ ሌላ ድምፅ አለ፣ የማያቋርጥ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ ኃይለኛ፣ ወንድሙ የሚጮኸው እሱን ለመብለጥ ነው።

ዝናብ ነው።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እዚያ ስንት ወር ሙሉ ጠብታ አልታየም። እናቱ ዛሬ ጠዋት በአፏ ነግራዋለች፣ አቧራው ገደለን ብላለች። ይህ ድምፅ ዛሬ ጠዋት አልተቀዳም፣ በዚህ ወርም አልተቀዳም፣ ክረምት ላይ ነው የተቀዳው፣ ምናልባትም ያኔ ተልኮለት ሰምቶት ረስቶታል፣ እህቱም ረስቶታል ብላ አስባ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ፈልጋ፣ ምንም ስም የሌለበት፣ ምንም ቀን የሌለበት፣ እንደዛሬ የሚመስል መርጣ። ዝናቡን አልሰማችውም። ስታለቅስ ነበር ይሆናል የመረጠችው።

ልቡ ከትራሱ ውስጥ ይመታል። ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ተቀምጦም ይሰማዋል። እንግዶቹ ትዝ አሉት። የዛሬ አራት ወር ገደማ፣ ጠዋት ከሥራ ሲመለስ፣ በሩን ከፍቶ ሳይገባ ከኋላው ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ፣ አንደኛው ሹፌሩ ነው፣ ታክሲ የሚነዳ ያገሩ ሰው፣ በዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ አንዳቸውንም አያውቃቸውም። «ልንጠይቅህ መጣን» አሉት። በሁለት ዓመት ውስጥ ቤቱ ሰው ሲገባ የመጀመሪያ ነበር። ወንበር አንድ ስለሆነ አልጋው ላይ አስቀመጣቸው። ስድስት እንቁላል ጠበሰላቸው፣ ትናንት የገዛውን ዳቦ አሞቀ፣ እሱ ሲንጎዳጎድ እነሱ ዝም ብለው ያዩታል፣ ብሉ ሲላቸው በሉ፣ እንዴት ነው ሥራ አሉት፣ ጤናህስ አሉት፣ ትልቁ ሰውዬ ደጋግሞ ጤናህስ አለው። ከዚያ ተያዩ፣ ተነሡ፣ ሄዱ። በዚያ ሳምንት ማሽኑ ላይ ቆሞ ሲያስበው ደስ ይለው ነበር። ሰው አለኝ ብሎ ነበር። በማለዳ፣ ሦስት ሆነው፣ ሽማግሌ ጨምረው የሚመጡ ሰዎች ለምን እንደሚመጡ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። አባቱ ሲሞት ለአጎቱ የሄዱት እንዲያ ሆነው ነው። ዘጠኝ ዓመት ብቻውን ሲኖር ረሳው እንጂ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ታክሲዎቹ የሚሰለፉበት ቦታ ሄደ፣ ሦስት ፌርማታ በእግሩ፣ ሁለቴ ቆሞ። ሹፌሩ መስታወቱን ዝቅ አደረገ፣ «አንተ ሰውዬ! ፀሐይ ላይ ምን ትሠራለህ፣ አንተ እኮ የሌሊት ወፍ ነህ—» እያለ ሳለ ፊቱን አየና ተወው። «ወንድሜ መቼ ነው የሞተው?» አለው። ሹፌሩ ዙሪያውን አየ፣ የሚረዳው ሰው የሚፈልግ ይመስላል። «ማን ነገረህ?» «ዝናብ።» «ምን?» «ተወው። መቼ ነው?» «ግባ» አለው ሹፌሩ፣ «መጀመሪያ ግባ፣ ተቀመጥ።» የፊት ወንበሩን ለሆዱ የሚሆን ያህል ወደ ኋላ ገፋለት። ውኃ ሰጠው። እንዲጠጣ ጠበቀ።

«አራት ወር አለፈው» አለ ሹፌሩ። «ጠዋት ጫማውን ሲያጠልቅ ነው አሉኝ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ጨጓራዬ ተነሣ ሲል ነበር፣ ኪኒን ይውጥ ነበር አሉ።» መሪውን እንደያዘ ነው፣ መኪናው አይሄድም። «እህትህ ደወለችልኝ፣ አንድ ሰው ይንገረው፣ ብቻውን በስልክ አይስማ አለች። ትልልቅ ሰዎች ፈልጌ መጣን። ከሥራ ስትመጣ ታች ጠበቅንህ፣ አላየኸንም፣ ከኋላህ ደረጃውን ተከተልንህ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆምክ። ግድግዳውን ያዝክ፣ እንዲህ፣ በሁለት እጅህ። ስትተነፍስ እታች ድረስ ይሰማል። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ቆምክ። ትልቁ ሰውዬ ክንዴን ያዘኝና፣ ‹ወንድሙን ነግረን እሱንም ልንጨምር ነው?› አለኝ። ምን ልበለው? አንተም ደግሞ ስታየን እንዲያ ስትደሰት...» ጨረሰው ሳይሆን አቆመው። «እንቁላልህን በልተን ሄድን። ለቤትህ ደውዬ አልቻልንም፣ ልቡ አይችልም ብዬ ነገርኳቸው። እናትህ፣ ‹ተዉት በቃ፣ አንዱ ሳያውቅ ይኑርልኝ› አሉ።» ከኋላ ያለው ታክሲ ጥሩምባ ነፋ፣ ሰልፉ ተንቀሳቅሷል። ሹፌሩ አንድ መኪና ያህል ወደ ፊት ሄደና ቆመ። «አልቅስ እንጂ» አለው፣ «አልቅስ፣ እዚህ ማን ያውቅሃል?» እሱ ግን ሰዓቱን ጠየቀው። ሥራ ሊገባ ነበር።

በዚያ ሌሊት እንደ ወትሮው አንሶላ ያዘ። የተኛበት ሰው ድኖ የወጣበትና የተኛበት ሰው ሞቶ የወጣበት አንሶላ ታጥቦ ሲመጣ አንድ ነው። ለሴትዮዋ ምንም አልነገራትም። የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፣ የሚያሳፍር ነገር፤ ወረቀቱ አሁን ይሞላል። ወንድሙ በሞተ አራት ወር ሙሉ ልቡን ፈርተው ሸሸጉት፣ ልቡ የሚታይበትን በር የዘጋውም ያው የሸሸጉት ነገር ነበር። ሸንበቆ አሁንም ዳቦ እየቆረሰ ነው፣ ትልቁን ጎን ወደ እሱ እየጣለ፣ ውይ ተሳሳትኩ እያለ።

ሐሙስ ጠዋት ነርሷ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። ወረቀቱን ሰጣት። «ወንድም፣ አዎ» ብላ አነበበች፣ «አርባ ዘጠኝ ዓመት።» ቀና አለች። «ሰኞ ዕለት ደህና ነው ብለውኝ ነበር።» «አዎ።» «ታዲያ በዚህ በሦስት ቀን ውስጥ ነው?» «አይደለም። አራት ወር ሆኖታል። እኔ ትናንት ነው የሰማሁት።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ከመቀመጫዋ ተነሣች። ለምን እንደተነሣች ራሷም ያወቀች አይመስልም። «በጣም አዝናለሁ» አለችው ቆማ። እሱም ቆሟል። ሰፈር ሙሉ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደረት እየተመታ የሚባለውን ነገር ይህች አንሶላና ሳሙና መካከል የቆመች የማታውቀው ሴት ብቻ አለችለት፣ በሰው ቋንቋ፣ በሁለት ቃል። አመስግኖ ወጣ። ሌላ ሰው ገባ።

መሣሪያው እንደ ትልቅ ቀለበት ነው። በጀርባው አስተኙት፣ እጁን ወደ ላይ አስነሡት፣ አንድ ድምፅ ትንፋሽዎን ይያዙ ይላል፣ ይይዛል፣ አሁን ይተንፍሱ ይላል። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ይህን ያህል ነው እንግዲህ፤ ወንድሙ ሁለት ቀን ሙሉ የጨጓራ ኪኒን ሲውጥ ያጣው ነገር አምስት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪሙ ምስሉን አሳየው፣ ጥቁር ውስጥ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ። «ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውኃ ሲፈላበት የሚቀረውን ነጭ ነገር ያውቁታል?» አለው፣ «እንደዚያ ነው፣ የልብዎ ቧንቧ ላይ ተጋግሯል። የተጋገረው በቁጥር ይለካል፤ በእርስዎ ዕድሜ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ነበር የምንጠብቀው። የእርስዎ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው።» እሱ ነጠብጣቦቹን መቁጠር ጀመረ። «መጥፎ ዜና ብቻ አድርገው አይውሰዱት» አለ ሐኪሙ፣ «በጊዜ ነው የደረስንበት። እነዚህን ኪኒኖች በየቀኑ ይወስዳሉ፣ ሳያቋርጡ። ኪሎ ደግሞ ይቀንሳሉ፣ ሃያ፣ ከተቻለ ሠላሳ። ፊትዎ ላይ ሳይቀር እንዲታይ እፈልጋለሁ።» ጥሩ ሰው ነው፣ ይህን ሲል ፈገግ ብሏል። መድኃኒት ቤቱ ኪኒኑን በነጭ ከረጢት ጨመረለት፣ ለሸንበቆ የላከውን በጨመረለት ዓይነት ከረጢት። ከረጢቱን ይዞ ደረጃውን ወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ ከኋላው ማንም የለም።

አሁን እሑድ ነው፣ ቀን ነው፣ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ አውርዶታል። ትናንት ደውሎ ነበር። «ጋሼ ሰላም በይልኝ ብሏል» አለችው እናቱ፣ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ አራት ወር ተለማምዳዋለች። «ሰላም በይልኝ» አላት። «እለዋለሁ» አለች። ማወቁን ሊነግራት አፉ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን ምን ይሆናል? ብቻውን ክፍል ውስጥ ሆኖ እንደሰማ ካወቀች እንቅልፍ የላትም፣ ደግሞም ትልቁ ልጇ በሕይወት ያለው በዚህ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው፣ የሚወጣው የሚገባው፣ ገጠር የሚሄደው፣ ደክሞት የሚተኛው እዚህ ብቻ ነው። ከዚህም ልግደለው? «ፎቶውስ?» አለችው። «ከጎንህ አድርገህ።» ያኔ ነው የታየው። ሐኪሙ እንዳለው ከከሳ፣ ጉንጩ ከጎደለ፣ የመጀመሪያውን ፎቶ ያየች ቀን፣ ሰምቷል፣ ተጎድቷል፣ ልጄ አለቀ ትላለች። ከሳ ማለት እዚያ ቤት ድኗል ማለት አይደለም። ካልከሳ ደግሞ አራት መቶ አሥራ ሁለት አለ።

ስለዚህ ዛሬ ፎቶ ያነሣል። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቁሞ፣ ከጎኑ፣ አንዱን በሰማያዊ ሸሚዝ፣ አንዱን በነጩ፣ አንዱን በሥራ ልብስ፣ ካፖርት ሳይለብስ፣ መስኮቱ ሳይታይ፣ ወሩ እንዳይታወቅ። ሃያ ሦስት ሆነ። በወር አንድ ቢላክ ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር የቀረው ያህል። ለሹፌሩ ያስቀምጥለታል፣ መቼ መቼ እንደሚላክ ይነግረዋል፣ ምናልባት ራሱ ይልከዋል፣ ከስቶ፣ ድኖ፣ ማን ያውቃል፣ ሐኪሙ በጊዜ ነው ብሏል። ኪኒኑን ዋጠ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ድምፅ መቅጃውን ነካ።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልደወልኩት። እየበላሁ ነው። ጋሼን ሰላም በይልኝ።»

መልሶ ሰማው። ከድምፁ ኋላ ከታች ሱቁ በር ላይ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፣ ከእነሱም ኋላ፣ በስሱ፣ መንገዱ ላይ የሚወርድ ካፊያ አለ። አጠፋው። ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ፣ ብርድ ልብሱን ሰቀለ፣ ጫፎቹን በመስኮቱ ፍሬም ውስጥ በጣቱ እየጠቀጠቀ አስገባ፣ ምንም እስከማይሰማ ድረስ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ቆሞ ጠበቀ።

ከዚያ እንደገና ጀመረ።